ቬንትሌተሩ ሲነሳ ሙቀቱ የሚዘለው መኪና፦ የአንድ ሆት ሮድ የጉዳይ ጥናት

ለምን መዘገብኩት

ሎስ አንጀለስ አካባቢ በአንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነኝ። ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ ነው። ልጅነቴ ሶማሌ ተራ ዕቃ ፍለጋ ስመላለስ ነው ያለፈው። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ብዙ ዓይነት መኪና በእጄ አልፏል። ይህን ሆት ሮድ፣ ማለትም ለፍጥነት ተብሎ የተቀየረ የድሮ ዓይነት መኪና፣ ያህል ያስተማረኝ ግን የለም።

መኪናው እኛ ጋ ሰባት ሳምንት ቆየ። ከነዚህ ውስጥ ሦስቱ ያለቁት ምንም ያልሆነ ዕቃ ስንፈታና ስንገጥም ነው። የጻፍኩትም በዋናነት ስለነዚያ ሦስት ሳምንታት ነው። አገር ቤት በአሮጌ ላንድሮቨር ላይ የቶዮታ ሞተር የሚገጥም አለ። የአባቱን ቮልስ በአዲስ ዕቃ የሚያድስም አለ። የገጠመን ነገር ለእነሱም ይሆናል ብዬ አምናለሁ። የማንንም ስም አላነሳም።

ሆት ሮድ ሲባል

ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1932 ስምንት ሲሊንደር ያለው ሞተር ለተራው ሰው በሚቀመስ ዋጋ አወጣ። ሞተሩ 3.6 ሊትር፣ ጉልበቱ 65 የፈረስ ጉልበት ነበር። መኪናው ሲያረጅ ደግሞ ዋጋው ወረደና ወጣቶች እጅ ገባ። የደቡብ ካሊፎርኒያ ልጆች የጭቃ መከላከያውን ነቅለው፣ ኮፈኑን አውልቀው፣ ክብደቱን ቀንሰው ሞሃቪ በረሃ ይወስዱት ነበር። እዚያ ሙሮክና ኤል ሚራዥ የሚባሉ ጠፍጣፋ የደረቁ ሐይቆች አሉ። ፍጥነት የሚለካኩት እዚያ ነበር። የደቡብ ካሊፎርኒያ የፍጥነት ማኅበር የተመሰረተው በ1937 ነው፤ ዛሬም ኤል ሚራዥ ላይ ያወዳድራል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ነገሩን ይበልጥ አስፋፉት። በ1955 የሼቭሮሌ አዲስ ቪ8 ሲወጣ ብዙዎች የፎርዱን ሞተር አውጥተው እሱን ገጠሙ። ሆት ሮድ ሲጀመርም የአንዱን ዕቃ በሌላው ላይ ማጋባት ነው። አዲስ ዕቃ መግጠም ባህሉን ያፈርሳል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የ1950ዎቹ ልጆችም የገጠሙት በዘመናቸው ካለው ሁሉ አዲሱንና ጉልበተኛውን ነበር።

ባለቤቱና መኪናው

ባለቤቱ ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸው ጡረተኛ ናቸው። አባታቸው በወጣትነታቸው ኤል ሚራዥ ላይ መኪና ያበሩ ነበር። ልጁም ቢያንስ መልኩ የአባታቸውን የሚመስል መኪና ይፈልጉ ነበር። ግን ለኤግዚቢሽን ብቻ የሚቆም መኪና አልፈለጉም። ጠዋት ከቤት ተነስተው፣ የካሆን ፓስን ዳገት ወጥተው፣ ኤል ሚራዥ ውለው ማታ በሰላም መመለስ ነው የፈለጉት። ካሆን ፓስ ከባህር ወለል ከ1,100 ሜትር በላይ ነው። በሐምሌ ሙቀት ለአዲስ መኪናም ቀላል አይደለም።

ቦዲው የ1932 ፎርድ ሮድስተር፣ ማለትም ክፍት መኪና፣ ቅርጽ አለው፤ ግን ኦሃዮ ውስጥ የተሰራ አዲስ ብረት ነው። ሞተሩ 5.7 ሊትር የሼቭሮሌ ቪ8 ነው፤ እሱም አዲስ። ከላይ የድሮ አየር ማጣሪያ ይታያል። ከስሩ ያለው ግን ካርቡራተር ሳይሆን በኮምፒውተር የሚታዘዝ ኢንጀክሽን፣ ማለትም ነዳጅ የሚረጭ መሣሪያ፣ ነው። ካምቢዮው ባለ አምስት ማርሽ ነው። ዲናሞው የድሮ ጄኔሬተር እንዲመስል ተደርጎ የተሰራ ነው። የፊት ፍሬኑ ዲስክ ሲሆን፣ ላዩ ላይ ክንፋም የአልሙኒየም ታምቡር የሚመስል ክዳን አለ። የፊት አክሱ እንደ ጥንቱ አንድ ወጥ ብረት ነው፤ ባሌስትራውም አንድ ነው፣ በአግድም የተጋደመ።

ውብ መኪና ነው። ስራውም ርካሽ አልነበረም። ግን ሦስት እጅ አልፎበታል። መጀመሪያ ባለቤቱ ከጓደኛቸው ጋር ቤታቸው ጀመሩት። ከዚያ አንድ ጋራዥ ሻንሲውንና ፍሬኑን ሰራ። ከዚያ ሌላ ባለሙያ የኤሌክትሪክ ሽቦውን ዘረጋ። አንዱ የሰራውን ሌላው በጽሑፍ አልተረከበም።

በካሊፎርኒያ እንዲህ ዓይነቱ መኪና በልዩ ሕግ ነው የሚመዘገበው። በዓመት ለ500 መኪና ብቻ የሚሰጥ ቁጥር አለ፤ ሰዎች የዓመቱን የመጀመሪያ የስራ ቀን ጠብቀው ይሰለፉለታል። ባለቤቱ ቁጥሩን ቀድመው አግኝተው ስለነበር በዚህ በኩል አልተቸገርንም።

ይዘውት የመጡት ችግር

ሦስት ነገር ነገሩን። አንደኛ፣ ትንሽ ሲነዳ ከፊት በኩል የመቃጠል ሽታ ይመጣል። ሁለተኛ፣ በሰዓት 45 ማይል፣ ማለትም 72 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ጎድጓዳ ነገር ሲነካ መሪው በኃይል ይንቀጠቀጣል። ሦስተኛውን በራሳቸው ቃል ላስቀምጠው። «ቬንትሌተሩ ሲነሳ ሙቀቱ ዘሎ ይወጣል። ከዚያ አንዳንዴ ሞተሩ ድርግም ይላል» አሉን። ቬንትሌተር ያሉት ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያ ነው።

መቀበያ ወረቀታችን ላይ እኔው ነኝ የጻፍኩት። «ይሞቃል፣ ይጠፋል» ብዬ አሳጠርኩት። ይህች ማሳጠር ሦስት ሳምንት አስከፈለችን።

የተሳሳትንበት መንገድ

«ይሞቃል» የሚል ወረቀት የያዘ መካኒክ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ራዲያተሩን ፈተሽን። የ1932 ፎርድ የፊት መከለያ ጠባብ ነው። በስተኋላው የሚገባው ራዲያተርም እንደዚያው። 65 የፈረስ ጉልበት ለማቀዝቀዝ የተሰራ ቦታ ላይ አምስት እጥፍ የሚሆን ሞተር ተቀምጧል። ስለዚህ ጥርጣሬያችን ሞኝነት አልነበረም። ቴርሞስታቱን ቀየርን። የውሃ ፖምፓውን አወጣን፤ ደህና ነበር። ራዲያተሩን አሳጠብን፤ ንጹህ ነበር።

ከዚያ ወደ «ይጠፋል» ዞርን። ኮምፒውተሩን ስናነብ፣ ሞተሩ በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ራሱን እንደገና እንደሚያስጀምር አየን። ኢንጀክሽኑ ችግር አለበት ብለን ደመደምን። አዲስ አዘዝንና ገጠምን። ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። መኪናው በሁለተኛው ቀን እዚያው ቦታ ላይ ጠፋ። ያንን ወጪ ጋራዡ ነው የቻለው፤ ባለቤቱን አላስከፈልናቸውም፤ ተገቢም ነው።

መሃል ላይ ማሳውን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበትን መስመር፣ ፈትሸን ነበር። ቴስተሩን በድምፅ ላይ አድርገን ሞተሩንና ሻንሲውን ነካን። ጢጥ አለ። ደህና ነው ብለን አለፍን። ይህ ሁለተኛው ትልቅ ስህተት ነበር። የሽቦ አንዲት ክር ብትቀርም ቴስተር ይጮሃል። መስመሩ መነካካቱን እንጂ 30 አምፔር መሸከሙን አይነግርም።

ማሳው ላይ የተገኘው

በአራተኛው ሳምንት መጀመሪያ ባለቤቱ ራሳቸው መጡ። አብረውኝ መኪናው ውስጥ ተቀመጡ። ሞተሩን አስነስተን ጠበቅን። የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀስ እያለ ወጣ። ቬንትሌተሩ ተነሳ። በዚያው ቅጽበት መርፌው ወደ ላይ ዘለለ። «ይኸው፣ ነግሬህ የለም?» አሉኝ።

እውነትም ነግረውኛል። ውሃ በአንድ ሰከንድ ውስጥ በ10 ዲግሪ አይሞቅም። ያውም ማቀዝቀዣው ሲነሳ! የዘለለው ሙቀቱ ሳይሆን መርፌው ብቻ ነበር። መርፌን በቅጽበት የሚያዘልል ነገር ደግሞ ኤሌክትሪክ ነው። አዲስ አበባ ቢሆን፣ የቮልስ መብራት ፍዝዝ ካለ መጀመሪያ የምናደርገው ማሳውን ፈትቶ ዝገቱን መፈግፈግ ነበር። እዚህ ኮምፒውተር ስላየሁ ያንን ረሳሁት።

አብሮኝ የሚሰራው ወጣት ኤሌክትሪሽያንም ሐበሻ ነው። «ጋሼ፣ ጭነት ላይ ሆኖ እንለካው» አለኝ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ሻንሲው ላይ አደረገ። ሞተሩ እየሰራ፣ ቬንትሌተሩ ጠፍቶ 0.3 ቮልት። ቬንትሌተሩ ሲነሳ 1.6 ቮልት። ጤናማ መስመር ላይ ከ0.2 መብለጥ የለበትም።

ምክንያቱ ስናየው ቀላል ነው። የሞተሩ መቀመጫዎች ጎማ ናቸው፤ ኤሌክትሪክ አያሳልፉም። ሻንሲው በምድጃ የተጋገረ የዱቄት ቀለም ተቀብቷል። ጠንካራና ቆንጆ ቀለም ነው፤ ግን እሱም አያሳልፍም። ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የምታገናኘው አንዲት የተጠለፈች ማሰሪያ ብቻ ነበረች። እሷም የታሰረችው ቀለሙ ላይ ነው። የምትነካው በብሎኑ ጥርስ በኩል ብቻ ነበር።

ቬንትሌተሩ የሚጠቀመው ኤሌክትሪክ ከዲናሞው ይወጣል፤ በሻንሲው በኩል ይመለሳል፤ ዲናሞው ደግሞ ሞተሩ ላይ ነው። ስለዚህ ሁሉም በዚያች ማሰሪያ ማለፍ አለበት። የሙቀት መለኪያው ማሳውን ከቦዲው ይወስዳል፣ ሴንሰሩ ከሞተሩ። በሁለቱ መሃል 1.6 ቮልት ሲገባ መርፌው ያንን እንደ ሙቀት ያነበዋል። ኮምፒውተሩም ማሳው ሻንሲው ላይ ነበር። ቬንትሌተሩ ለመነሳት ብዙ አምፔር በሚስብበት ቅጽበት የሚደርሰው ቮልት ይወርድና ይጠፋል። ሦስቱ ነገሮች፣ መርፌው፣ ኮምፒውተሩና ሞተሩ፣ የአንድ ብሎን ስራ ነበሩ።

የድሮ ፎርድ ላይ ይህ ችግር አይሆንም ነበር ማለቴ አይደለም። ግን የድሮው ፎርድ ኤሌክትሪክ ቬንትሌተርም ኮምፒውተርም የለውም። ደካማ ማሳ መብራቱን ያፈዝዘዋል፤ መኪናው ግን ይሄዳል።

ያደረግነው ይህን ነው። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፈግፍገን አዲስ ማሰሪያ አሰርን። ባትሪው ከኋላ ስለሆነ፣ ከኔጋቲቩ ቀጥታ ወደ ሞተሩ ወፍራም የመዳብ ገመድ ሳብን። ከሞተሩ ወደ ሻንሲውና ወደ ቦዲው ሌላ ሁለት መስመር። የኮምፒውተሩን ቀይና ጥቁር ሽቦ ቀጥታ ከባትሪው ወሰድን። ስንለካው 0.08 ቮልት ሆነ። መርፌው አልተንቀሳቀሰም።

እዚያው እያለን አንድ ሌላ ነገር አገኘን። ሽቦው የድሮ እንዲመስል በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ለውበት ሲባል የቦቢናው፣ ማለትም የካንዴላውን ብልጭታ የሚያመነጨው ዕቃ፣ ሽቦና የኮምፒውተሩ ሽቦ በአንድ ጥቅል ተደርገዋል። ቦቢና በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው የሚተኩሰው፤ አጠገቡ ያለውን ሽቦ ይረብሻል። ለያየናቸው። ጨርቁን መልሰን ጠቀለልነው፤ ከውጭ ልዩነቱ አይታወቅም።

ጄኔሬተር የሚመስለው ዲናሞ ደግሞ ሞተሩ በዝግታ ሲሰራ አቅሙ ያንሳል። መብራትና ቬንትሌተር አብረው ሲበሩ 12.1 ቮልት ላይ ይወርዳል። ባለቤቱ ዲናሞው እንዲቀየር አልፈቀዱም፤ መልኩን ይወዱታል። ስለዚህ ፑሊውን በአነስተኛ ቀየርነው። አሁን 13.2 ይሰጣል።

ፍሬኑ

የሽታውን ነገር ለማግኘት ግማሽ ቀን በቂ ነበር። 20 ደቂቃ ነድተን የፊት ፍሬኖቹን ሙቀት ለካን። የቀኙ 170 ዲግሪ ሴልሺየስ። መኪናውን ከፍ አድርገን ጎማውን በእጅ ለማዞር ሞከርን፤ ይዟል።

በዚህ መኪና የፍሬኑ ማስተር፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው፣ ከወለሉ ስር ነው፤ ከጎማው ፍሬን ዝቅ ብሎ። ዘይቱ ወደ ታች ተመልሶ እንዳይፈስ መስመሩ ላይ ትንሽ ግፊት የምትይዝ ቫልቭ ትገባለች። በግፊት መለኪያ ለዲስክ 2 ፒኤስአይ፣ ለታምቡር 10 ፒኤስአይ ነው። ታምቡር ሸራውን የሚመልስ ጠንካራ ስፕሪንግ ስላለው 10ሩን ይቋቋማል። ዲስክ ግን መመለሻ ስፕሪንግ የለውም። 10 ከተያዘበት ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ ይውላል።

ፊት ላይ የተገጠመው ባለ 10 ነበር። ታሪኩን ከባለቤቱ ጠየቅን። መጀመሪያ አራቱም ጎማ ታምቡር ነበር። በኋላ የፊቱን ወደ ዲስክ ቀየሩት። ቫልቯ ግን ባለችበት ቀረች። ታምቡር የሚመስለው ክዳን ደግሞ አየር ስለሚከለክል ሙቀቱን አባሰው። ቫልቩን በባለ 2 ቀየርን። የተቃጠለውን ሸራና ዘይት ጣልን። ክዳኑ ላይ ከኋላ በኩል የማይታዩ የአየር ቀዳዳዎች በሳን። በተመሳሳይ መንገድ ነድተን 65 ዲግሪ ለካን።

ይህን ስጽፍ አሁንም ይከብደኛል። የፍሬን ዘይት ከፈላ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሄዳል። ካሆን ፓስ ቁልቁለት ላይ ይህ ቢደርስ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም።

መሪው

የብስክሌት ሹካ ወደ ኋላ እንደሚያጋድለው የመኪና የፊት ጎማም ማጋደል አለው። ካስተር ይባላል። ጎማው በራሱ ቀጥ እንዲል የሚያደርገው እሱ ነው። አንድ ወጥ አክስ ላለው ሆት ሮድ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ነው የሚፈለገው። ስንለካ 3 ነበር።

እዚህም ታሪኩ ያው ነው። መጀመሪያ አላይመንት ሲሰራ ልክ ለመሆን ትንሽ ነበር የቀረው። ከዚያ ባለቤቱ መኪናው ወደ ፊት ያጎነበሰ መልክ እንዲኖረው ፈለጉ፤ የሆት ሮድ ቁመና እንዲያ ነው። ኋላ ረጃጅም ጎማ ገባ፣ የፊት ባሌስትራ ዝቅ ተደረገ። በፊትና በኋላ አክስ መሃል 269 ሴንቲ ሜትር አለ። ከኋላ 4.7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር አንድ ዲግሪ ካስተር ይጠፋል። ቁመናው ተቀየረ፤ አላይመንቱን ግን ማንም አልደገመውም። 6.5 ላይ አደረግነው። አክሱ ወደ ጎን እንዳይዋልል የሚይዝ አግድም ዘንግም ጨመርን። አንድ የላላች ቴስቲና፣ ማለትም የመሪ ዘንግ መጋጠሚያ፣ ቀየርን። መንቀጥቀጡ ጠፋ።

ያልተፈታው

እውነተኛ ሙቀትም ነበር፤ ሁሉም የመርፌ ውሸት አልነበረም። ካሆን ፓስን ስንወጣ በኮምፒውተሩ ንባብ ከ93 ዲግሪ አላለፈም። ደስ ብሎን ተመለስን። ነገር ግን የውጭው ሙቀት 38 ሆኖ የሎስ አንጀለስ ትራፊክ ውስጥ ስንቆም 104 ደረሰ። ውሃው አይፈላም፤ ግፊቱ ይይዘዋል። ግን ሞተሩን አጥፍተህ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስታስነሳ ያስቸግራል።

ሁለት ነገር ሞከርን። ከቬንትሌተሩ ዙሪያ የአየር መምሪያ ሰራን፤ ትንሽ ረዳ። የጭስ ማውጫውን በሙቀት መከላከያ ጨርቅ ጠቀለልን፤ መልኩን አበላሸው፣ ባለቤቱም አልወደዱትም፣ አወለቅነው። የሚሰራው መፍትሔ የኮፈኑን ጎኖች ማውለቅ ብቻ ሆነ። ሙቀቱ መውጫ ሲያገኝ 97 ላይ ይቆማል። ባለቤቱ በሙቀት ወራት ያለ ጎን ለመንዳት ተስማሙ። «አባቴም እንዲያ ነበር የሚነዳው» አሉ።

ለሌላ ስራ የሚሆን

በዚህ መኪና ላይ በራሱ የተበላሸ ዕቃ ከአንዲት ቴስቲና በስተቀር አላገኘንም። ሞተሩ፣ ዲስኩ፣ ኮምፒውተሩ ሁሉም ጥሩ ነበሩ። ችግሩ ያለው የአንድ ዘመን ዕቃ ከሌላ ዘመን ዕቃ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ነው፤ ማሰሪያው፣ ቫልቩ፣ የአክሱ ማጋደል። እነዚህ ቦታዎች በየትኛውም ዕቃ መመሪያ ውስጥ አይጻፉም። ዲስኩን የሸጠህ ስለ ማስተሩ ቦታ አያውቅም። ስለዚህ አሮጌ መኪና ላይ አዲስ ነገር ስትገጥም ጊዜህን እዚያ አሳልፍ።

ማሳን በድምፅ አትፈትሽ፤ ጭነት ላይ ሆኖ ቮልቱን ለካ። ዲኤክስም ይሁን ላንድሮቨር፣ ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ስትገጥምበት ባትሪውን ከሞተሩ ጋር ቀጥታ በወፍራም ገመድ አገናኝ። የድሮው ማሰሪያ ለድሮው ጭነት ነው የታሰበው። አዲስ ቀለም የተቀባ ሻንሲ ከሆነ ደግሞ ከመግጠምህ በፊት ማሳ የሚታሰርባቸውን ነጥቦች ፈግፍግና ምልክት አድርግባቸው።

ፍሬን ከታምቡር ወደ ዲስክ የሚቀይር ሰው ከማስተሩ እስከ ጎማው መስመሩን በሙሉ ይከተል። የጎማ ቁመት የቀየረ ሰው በማግስቱ አላይመንት ያስለካ።

የመቀበያ ወረቀታችንን ቀይረናል። አሁን የደንበኛው ቃል እንዳለ፣ ሳይቆረጥ ይጻፋል። ከስሩ ሁለት ጥያቄ አለ፦ «መጨረሻ የተቀየረው ምንድን ነው?» እና «ችግሩ የጀመረው ከዚያ በፊት ነው በኋላ?» መኪናው የብዙ ሰው እጅ ካለፈበት ባለቤቱን አስቀምጠን የለውጡን ቅደም ተከተል ከመጀመሪያው እንጽፋለን። አንድ ሰዓት ይወስዳል። ባለቤቱ ባለፈው ሐምሌ ኤል ሚራዥ ደርሰው ተመልሰዋል፤ የኮፈኑን ጎኖች እኛ ጋ አስቀምጠው።